ከጀርባ ስለሚቀዳው ውሃ

በከምባታ ምድር በአዲሎ ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ ልጅ በብርቱ ትኩሳት ተይዞ አንገቱ ሲገተር «ማጅራት ገትር ነው» ይባላል። ሐኪሙ ግን «ከጀርባው ጥቂት ውሃ ልቅዳ» ሲል፣ «ሽባ ያደርግብናል» ብለው የሚከለክሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ይህ ውሃ ምን እንደ ሆነና ከወዴት እንደሚቀዳ ማወቅ ይገባል።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በደረቁ የተቀመጠ አይደለም። ሦስት ሽፋኖች ይከቡታል። የሸረሪት ድር በሚመስለው በመካከለኛውና አንጎሉን ተጣብቆ በያዘው በውስጠኛው ሽፋን መካከል፣ እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ የሞላበት ጠባብ ስፍራ አለ። በአዋቂ ሰው መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል አዲስ እየመነጨ፣ አሮጌው ወደ ደም ይገባል። 1,400 ግራም ያህል የሚመዝነው አንጎል በዚህ ውሃ ስለሚንሳፈፍ ክብደቱ እንደ 50 ግራም ይቀልለታል።

ይኸው ውሃ በአከርካሪ ውስጥ እስከ ወገብ በታች ይወርዳል። ኅብለ ሰረሰር ግን በአዋቂ ሰው ከወገብ መጀመሪያ አያልፍም፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። በሕፃን ኅብለ ሰረሰሩ ዝቅ ስለሚል፣ ሐኪሙም ይህን አውቆ ስፍራውን ይመርጣል። ለጥቂት ቀን ራስ ምታት ሊከተል ይችላል፤ ሽባነት ግን እጅግ ብርቅ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 አንቶን ቫይክሰልባውም የበሽታውን ተሐዋስ በዚህ ውሃ ውስጥ አገኘ፤ በ1891 ደግሞ ሃይንሪክ ክዊንከ ውሃውን ከወገብ በመርፌ መቅዳትን ገለጠ። ተሐዋሱ በየዝርያው ስለ ታወቀ ክትባት ተሠራ። በ1981 እና በ1989 ታላቅ ወረርሽኝ ባየችው አገራችን፣ ከ2013 እስከ 2015 «ኤ» ለተባለው ዝርያ ክትባት በዘመቻ ተሰጠ፤ ከዚያም ወዲህ በዚህ ዝርያ የሚመጣው በሽታ እጅግ አነሰ። ሌሎቹ ዝርያዎች ግን አሉ፤ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየውም ይኸው የተቀዳ ውሃ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕመም በቤታችሁ ቢገባ ሌሊቱ ይንጋ ሳትሉ ወደ ሐኪም ፍጠኑ። ሐኪሙ ውሃ ለመቅዳት ሲጠይቅ፣ የሚያስፈራችሁን ሁሉ ጠይቃችሁ ተረዱ፤ ከዚያም ፍቀዱ። ከመርፌው ይልቅ የሚያስፈራው መዘግየት ነውና፤ ከሞት የተረፈውን ልጅ እንኳ ደንቆሮ ሊያደርገው ይችላል።