ሩኒ ተጠልፎ ነው ወይስ ራሱ ወድቆ?

ጥቅምት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. እሁድ፣ ኦልድትራፎርድ። በ49 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች ሽንፈት ያልቀመሰው የአርሰን ቬንገር ቡድን ሃምሳኛውን ለመድፈን የቀረው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ዋይኒ ሩኒ ኳስ ይዞ ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ዘለቀና ከሶል ካምቤል ፊት ወደቀ። ዋና ዳኛው ማይክ ራይሊ ነጥቡን አመለከቱ፣ ቫን ኒስትሮይ አስቆጠረ። በዚያው ዕለት 19 ዓመት የሞላው ሩኒ በባከነ ሰዓት ሁለተኛውን አከለበትና 2ለ0 ተጠናቀቀ።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሁለት አስርት ዓመታት አልፈዋል። ሩኒም ካምቤልም ጫማቸውን ሰቅለዋል፤ ክርክሩ ግን አልሰቀለም። ሁለቱ ክለቦች በሚገናኙበት ሳምንት በፒያሳ፣ በመርካቶም ሆነ በሳሪስ ዲኤስቲቪ ቤቶች ፋይሉ እንደ አዲስ ይከፈታል። አንዱ «ካምቤል ነክቶታል» ሲል ሌላው «ሩኒ ነው እግሩን ፈልጎ የወደቀው» ይላል። «እሺ ቆይ፣ ፈርዲናንድ ሉንግበርግን ሲጥለው ቀዩ ካርድ የት ሄደ?» የሚል ከወዲያ ጥግ ይነሳል። «ማርቲን ኪዎን ከዓመት በፊት ቫን ኒስትሮይ ፔናሊቲ ሲስት አናቱ ላይ የጨፈረውን ረሳችሁት እንዴ?» የሚል መልስ ከወዲህ ይከተላል። የ1997ቱን ጨዋታ ለማየት ዕድሜው ያልፈቀደለት ልጅ ሁሉ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ክስ ይዞ ይሟገታል።

በዚያው ቀን ሌላም ክርክር ተወልዶ ነበር። ከጨዋታው በኋላ በመልበሻ ክፍሎቹ መተላለፊያ ላይ በሰር አሌክስ ፈርጉሰን ላይ ፒዛ ተወርውሮ ስለነበር «ማን ወረወረው?» የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲያነጋግር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሴስክ ፋብሪጋስ በቴሌቪዥን ቀርቦ «እኔ ነኝ» ሲል አመነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፒዛው የሚከራከር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ጉዳዩ ለሳቅ ያህል ይነሳል፣ ወዲያው ይዘጋል። መልስ ያላገኘው የሩኒ አወዳደቅ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። ነገሩ ለታዛቢ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ኳስ የማይወድ ሰው እንዲህ ያለውን ሙግት ሲሰማ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ብሎ ማለፉም አይገርምም። ደጋፊው ግን ክርክሩ እንዲቋጭለት አይፈልግም፤ የሚፈልገው በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚከራከረው ሰው ወንበሩ ላይ እንዲገኝለት ነው።

ለዚህ ነው የዲኤስቲቪ ቤት ክርክር ማንም ሳይጽፈው የሚከበር ደንብ ያለው። አንደኛው ደንብ ማስረጃ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዞ ውጤት የሚያይበት ጊዜ አልነበረም። በአራት ኪሎና በስታዲየም ዙሪያ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነበበ፣ የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም ያላመለጠው ሰው በክርክሩ ላይ እንደ ጠበቃ ነበር። «ዊልቶርድ ኦልድትራፎርድ ላይ ዋንጫውን ያስበላቸው ሜይ 8 ቀን 2002 ነው» ብሎ ቀኑን የጠራ ሰው የተቃራኒውን ወገን ድምፅ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ያስረግባል። ዝም ብሎ የሚጮህ ሰው ደግሞ «አንተ ዝም በል፣ ኳስ ማየት የጀመርከው አምና ነው» ተብሎ ቦታውን ያውቃል። ጩኸት በበዛበት ቤት እንኳ የሚያውቅና የማያውቅ ይለይ ነበር ማለት ነው።

ከማስረጃ ቀጥሎ ተራ አለ። ብሽሽቅ በተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳው ቡድን ደጋፊ ያን ሰሞን መንገዱ ሁሉ ጠቦት ነበር። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ኦልድትራፎርድ ላይ 8ለ2 ሲሸነፍ ደግሞ ያው ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ለመግባት አቀበት ሆነበት። «ስምንት ቁጥር ታክሲ የት ነው የሚቆመው?» እየተባለ ሲቀለድበት ከረመ። ዩናይትዶችም ተራቸው ደረሰ። ሰር አሌክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሰናበቱ ለክለቡ 13 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አስረክበው ነበር። በ2024/25 የውድድር ዘመን ግን ክለቡ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። የዚያኑ ሰሞን የመድፈኞቹ ደጋፊ ብሽሽቅ መሰንዘሩ አልቀረም፤ ይሁን እንጂ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ ክለብ ደጋፊ እጁን ብዙ አይዘረጋም። መልሱ የት እንዳለ ያውቀዋል።

ሜዳ ላይ የነበሩትም ቢሆኑ የተጣሉትን ያህል ተጣልተው አልቀሩም። ሮይ ኪንና ፓትሪክ ቪዬራ እ.ኤ.አ. በ2005 በሃይበሪ መተላለፊያ ላይ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በ2013 ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያን ዘመን ያወሩበት ዘጋቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቷል። ቬንገር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ለመጨረሻ ጊዜ ቡድናቸውን ይዘው ኦልድትራፎርድ ሲገቡ የመታሰቢያ ስጦታ ያበረከቱላቸው ሰር አሌክስ ነበሩ። ስለ ሩኒ ፔናሊቲ ሁለቱ ዛሬም አንድ ሐሳብ ይኖራቸዋል ብሎ የሚወራረድ ግን አይገኝም።

ሦስተኛው ደንብ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰውየው አይነካም። ክለቡ ይሰደባል፣ አሰልጣኙ ይታማል፣ አጥቂው «ባዶ ጎል የሚስት» ይባላል። የሰውየው እናት፣ ሃይማኖትና የትውልድ አገር ግን አይነሱም። ይህ ደንብ በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የተከበረው ሰዉ የተለየ ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማንቸስተር የተወለደ የለም፤ ሰሜን ለንደን ያደገም የለም። አንዱ አርሰናልን የያዘው ኦንሪን ስላየ ነው፤ ሌላው ዩናይትድን የመረጠው በ1999 እ.ኤ.አ. በኤፍኤ ካፑ ግማሽ ፍፃሜ ጊግስ የመድፈኞቹን ተከላካዮች አንድ በአንድ አልፎ ሲያስቆጥር ደርሶ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ታላቅ ወንድሙን ለማናደድ ሲል ብቻ ቼልሲ ሆኗል። ስለዚህ ተከራካሪው ከፊቱ ያለውን ሰው ሲያይ የሚያየው በሌላ ቀን ኳስ ማየት ቢጀምር ኖሮ ራሱ ሊሆን ይችል የነበረውን ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ይከብዳል።

የሸገር ደርቢም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። በአንድ ቤት አባት ፈረሰኛ፣ ልጅ ቡናማ መሆኑ የተለመደ ነው። በካታንጋና በሚስማር ተራ የሚዜመው ዜማም ቢሆን በራሱ ክርክር ነበር። ከወዲያ አንድ ግጥም ሲወረወር ከወዲህ ይመለሳል፤ የተሻለ የመለሰ ቢሸነፍ እንኳ አንገቱን አይደፋም። ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ብዙ ጊዮርጊሶች «አንድ ነው፣ ቆጥረን ጨርሰናል» እያሉ ነበር የተቀበሉት። ጠብና የድንጋይ ውርወራ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበር። ሆኖም ደርቢው ሲያልቅ ሰዉ የሚገባው ወደ አንድ ሰፈር ነው።

ነገሩ የተበላሸው በሌላ ቦታ ነው። በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የታየው ሁኔታ የደንቡ ሦስተኛ አንቀጽ ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ አሳይቷል። በኅዳር ወር ማብቂያ በወልዲያ ሊካሄድ የነበረው የወልዲያና የመቐለ ጨዋታ ከሜዳ ውጪ በተነሳ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በሁለቱ ክልሎች ክለቦች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ለመሸሽ ተገደዱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በአንድ ዳኛ ላይ በደረሰ ድብደባ ምክንያት ሊጉ ለጊዜው ተቋረጠ።

በወቅቱ ብዙ ጣት የተቀሰረው በክልልና በከተማ ስም በሚጠሩት ክለቦች ላይ ነበር። ይህ ፍርድ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የከተማ ክለቦች ሊጉን ከአዲስ አበባ አውጥተው ለጎንደርም፣ ለሐዋሳም፣ ለመቐለም ሕዝብ ሰጥተውታል። ባዶ ወንበር የለመደው ሊግ በእነሱ ነፍስ ዘርቷል። ችግሩ እነዚህ ክለቦች የሚመረጡ ሳይሆኑ የሚወለዱባቸው መሆናቸው ላይ ነው። «ተከላካያችሁ ቀርፋፋ ነው» የሚለው ተራ ብሽሽቅ «እናንተ ቀርፋፎች ናችሁ» ተብሎ ይሰማል። የሚሰማው ሰው ደግሞ ተሳዳቢውን በሚቀጥለው ሳምንት አያገኘውም፤ አብሮት ቡና አይጠጣም፣ የአጸፋ ተራ አይጠብቅም። የሁለቱ ከተማ ደጋፊዎች በዓመት የሚገናኙት ሁለት ጊዜ ነው፤ ያውም በፖሊስ መስመር ተለያይተው። በዚህ መሐል የፖለቲካው ትኩሳት ሲጨመርበት ኳሱ ሰበብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፖለቲካው ያመጣውን በስታዲየም ዘፈን መመለስ አይቻልም፤ ቢሆንም የሚተዋወቁ ደጋፊዎች ባሉበት እሳቱ እንደልቡ አይዛመትም ነበር።

ውርርዱም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ገደማ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በከተማው እንደ አሸን ሲፈሉ የክርክሩ ቋንቋ ተለወጠ። ትኬት የቆረጠ ሰው ማን የተሻለ ተጫወተ ብሎ አይከራከርም። በ93ኛው ደቂቃ ጎል ያገባውን ይረግማል፣ ያስደሰተው ቡድን ደግሞ ነገ ይረሳዋል። ገንዘቡን የበላ ቡድን ደጋፊ አጠገቡ ሲጨፍር የሚሰማው ንዴት የድሮው ብሽሽቅ አይደለም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2019/20 የጀመረው የቪዲዮ ዳኝነት በበኩሉ ክርክሩን ያስቆመዋል ተብሎ ነበር። ያ እንኳ አልሆነም፤ ድሮ በአንድ ዳኛ ዓይን ላይ የነበረው ሙግት ዛሬ በመስመርና በትከሻ ላይ ሆኗል። ይህኛው ለተከራካሪው ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ተጨማሪ ሥራ ነው።

ኡጋንዳ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አርሰናል ዩናይትድን 3ለ2 ሲረታ በጂንጃ ከተማ መለያ ለብሰው፣ ዋንጫ የሚመስል ነገር ይዘው በጎዳና የጨፈሩ ደጋፊዎች ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል ተብለው በፖሊስ ተያዙ። ዜናው ሲሰማ የአገሬው የዩናይትድ ደጋፊ ሳይስቅ እንዳልቀረ መገመት አያዳግትም። በጥር ወር ዋንጫ ይዞ የጨፈረ ክለብ ያን ዓመት ሊጉን ለማንቸስተር ሲቲ ማስረከቡ ደግሞ ለብሽሽቁ የተጨመረ ቅመም ነው። ፖሊስ ባይገባበት ኖሮ በሜይ ወር ዩናይትዶች ራሳቸው ይበቀሏቸው ነበር።

በአገር ቤት ሊግ ግን ይህን መሰል ክርክር የሚዘራበት መሬት ራሱ ጠቧል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የእንግሊዙን ኳስ የለመደው ስክሪን የፋሲልና የጊዮርጊስን ጨዋታ ማሳየት ችሏል። በአንፃሩ ውድድሩ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ሰብሰብ ብሎ ሲካሄድ ለዓመታት ደጋፊና ክለብ ተራራቁ። የአዲስ አበባ ክለብ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሲጫወት ደጋፊው ቤቱ ይቀራል። ሰኞ ጠዋት በታክሲ ውስጥ የሚነሳ ጉዳይ የለውም፤ ያላየውን ጨዋታ ማን ይሟገትበታል? በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መድን ሻምፒዮን ሆነዋል። የሩኒን አወዳደቅ ከነደቂቃው የሚተርከው የፒያሳ ልጅ ለመድን ዋንጫ ወሳኙን ጎል ማን እንዳገባ ሲጠየቅ ጎረቤቱን ነው የሚያየው፤ ጎረቤቱም ስክሪኑን።