ያልተጻፈው ቻርትና ያልተከፈለው ሰዓት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ሸማ የሚሸጥ ነጋዴ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የማይረሳው ሥራ አለ። የዱቤ መዝገቡን አውጥቶ ማን ነጠላ እንደወሰደ፣ ማን ቀብድ እንደከፈለ ይጽፋል። ያልተጻፈ ዱቤ እንደማይመለስ ያውቃል። ገዢ በሚጋፋበት የጥምቀት ዋዜማ ግን መዝገቡ ሳይሞላ ሊያድር ይችላል። ያን ጊዜ ነጋዴው ራሱን ይወቅስ ይሆናል እንጂ ለራሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጽፍም።

በዚሁ ሰፈር ባሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች የምትሠራው ነርስም መዝገብ አላት። የሕመምተኛውን ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ፣ የሰጠችውን መድኃኒት ከነመጠኑና ከነሰዓቱ በቻርቱ ላይ ማስፈር አለባት። ከነጋዴው የምትለየው በአንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ ሲዘገይ ደብዳቤ ይደርሳታል። በመጀመሪያ የቃል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ አልፎ አልፎም የደመወዝ ቅጣት ይከተላል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተረኛዋን አስረክባ ትወጣና በማግሥቱ አትመለስም። ስልኳም አይነሳም።

በጤናው ዘርፍ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ባለሀብቶች ይህን የሚያዩት እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ነው። "የዛሬ ልጆች ኃላፊነት አይሰማቸውም" ይባላል፤ ውይይቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ነገሩ ግን ከሥነ ምግባር ይልቅ ወደ ሒሳብ የሚያደላ ነው። ሒሳቡን ሠርቶ የተመለከተ ባለሀብት ነርሷ ያለማስጠንቀቂያ መውጣቷ ሳይሆን እስከዚያ ቀን መቆየቷ ሊገርመው ይችላል።

መዝገቡ ቀልድ አይደለም

በቅድሚያ ለአሠሪው የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ቻርት በሰዓቱ ይሞላ ማለቱ የቢሮ ሰዎች ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የሌሊት ተረኛዋ የሰጠችውን መርፌ ሳትጽፍ ብትሄድ የቀን ተረኛዋ ደግማ ልትወጋ ትችላለች። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ለዚህ ከእንጦጦ ግርጌ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የኖረ ነው። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በ2001 ዓ.ም. የተጀመረውም በዚያ ነበር። ሕክምናው በዚያን ጊዜ ከ18 ወር በላይ ይወስድ ነበር። ሕመምተኛው ኪኒኑን ባለሙያ ዓይን ሥር ይውጣል፤ ባለሙያው በካርዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ከሌለ ኪኒኑ መዋጡን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅ የነበረው ሕክምና በእነዚያ ትንንሽ ምልክቶች ላይ የቆመ ነበር።

በግል ተቋማት ደግሞ መዝገቡ ገንዘብ ነው። በኢንሹራንስ ወይም በድርጅት ዱቤ የሚታከም ሰው ሒሳብ የሚወራረደው በማስረጃ ነው። በቻርቱ ላይ ያልሰፈረ ግሉኮስ የሚከፍለው የለም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲመጣም የሚያገላብጠው ይህንኑ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ መጨነቁ አይፈረድበትም። ጥያቄው የጭንቀቱን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ነው።

የአንድ ሰዓት ሒሳብ

አንዲት ነርስ በስምንት ሰዓት ሥራዋ 12 ሕመምተኞች ይደርሷታል እንበል። ለእያንዳንዱ የሚጻፈው በድምሩ 10 ደቂቃ ቢወስድ 120 ደቂቃ፣ ማለትም ከስምንቱ ሰዓት ሁለቱ ለጽሑፍ ይሄዳል። ወረቀትና ኮምፒዩተር ጎን ለጎን በሚሠራበት ቦታ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ከዚህም ይበልጣል። በመካከሉ አንድ ሕመምተኛ ቢደክም፣ አንድ ድንገተኛ ቢገባ፣ ነርሷ እስክሪብቶዋን ጥላ መሮጥ ግዴታዋ ነው። የሚዘገየው እንግዲህ ጽሑፉ ነው፤ መዘግየትም ያለበት እሱ ነው።

ከርክክብ በኋላ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ብትጽፍስ? ደመወዟ በወር 12,000 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲታሰብ በወር 208 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው በአንድ ተኩል ነው። በቀን አንድ ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሲባዛ 2,250 ብር ይመጣል። ይህም ከደመወዟ 19 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው በየትኛውም የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አይታይም። ነርሷ በየወሩ ለድርጅቱ የምትሰጠው፣ ወለድ የሌለው፣ የመመለሻ ቀኑም ያልተቆረጠ ብድር ነው።

አሠሪው "ተቀምጠሽ ጻፊ ያላት የለም" ሊል ይችላል። ሕጉም ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ መሆን አለበት ይላል። ነገር ግን "ቻርት ሳይሟላ መውጣት ያስቀጣል" የሚል ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ትዕዛዝ አልሰጠሁም ብሎ መከራከር ይከብዳል። ምስክሩም ሩቅ አይደለም። በቻርቱ ላይ የሰፈረው ሰዓት ራሱ ነርሷ እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየች ይናገራል።

ሠላሳው ቀንና ስድስቱ ወር

የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት። ይህን ሳታደርግ ብትወጣ ለአሠሪው ካሣ ትከፍላለች፤ ካሣው ግን ከ30 ቀን ደመወዟ አይበልጥም። በምሳሌያችን ቢበዛ 12,000 ብር መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ሠራተኛ ያልተከፈላትን ደመወዝና ትርፍ ሰዓት እስከ ስድስት ወር ድረስ መጠየቅ ትችላለች። ስድስት ጊዜ 2,250 ብር 13,500 ብር ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ነርሷ የማስጠንቀቂያውን ዋጋ በየማታው በጽሑፍ ሰዓቷ ስትከፍል ቆይታለች፤ ትራፊም አላት። ሕጉ አንዱን በሌላው ላይ በራሱ ጊዜ አያቻችልም፤ ማስረዳትና መከራከር ያስፈልጋል። በልብ ውስጥ የሚሠራው ሒሳብ ግን ችሎት አይጠብቅም።

ብዙ ተቋማት ለዚህ መልስ አድርገው የያዙት የሥራ ልምድ ማስረጃንና መልቀቂያን ማገት ነው። "ክሊራንስ ሳትጨርሺ የሥራ ልምድ አይሰጥሽም" ይባላል። ይህ የማያዋጣ ስልት ነው። አዋጁ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የተሰናባቹ ቀሪ ሒሳብም በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለበቂ ምክንያት ቢዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል። የአንድ ወር ካሣ ለማስመለስ ብሎ የሦስት ወር ዕዳ ውስጥ መግባት የትኛውም የመርካቶ ነጋዴ የማይሠራው ንግድ ነው።

የሚናገር ሲጠፋ የሚሄድ ይበዛል

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልበርት ሒርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው በአንድ ድርጅት ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መናገር ሲሆን ሌላው መሄድ ነው። የመናገሪያው በር በጠበበ መጠን የመሄጃው በር ይጨናነቃል።

የነርሷ የመናገሪያ በር ጠባብ ነው። ሕጉ ሆስፒታልና ክሊኒክን እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው የሕዝብ አገልግሎቶች ስለሚመድብ የሥራ ማቆም መብት በዚያ አይሠራም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታሎች ያሉ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩ ነበሩ። ይህን ያየች ወጣት ነርስ ከሜትሮኗ ጋር ስለ ቻርት ከመከራከር ዝም ብላ መሄድን ብትመርጥ አይገርምም።

መሄጃው ደግሞ ሰፊ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ደመወዝ በብር ሲመነዘር ዓይን ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያን የጤና ሠራተኛ እጥረት ካለባቸው፣ ሌሎች አገሮችም ሠራተኞቻቸውን በዘመቻ እንዳይወስዱ ጥንቃቄ ከሚሹ 55 አገሮች አንዷ አድርጓታል። ዝርዝሩ ዘመቻን እንጂ በራሷ ፈቃድ ሻንጣዋን ያነሣችውን ነርስ አያስቆምም።

ምን ይሻላል?

አንድ ነርስ በድንገት ስትወጣ ባለሀብቱ የሚከስረው የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ አይደለም። አዲሷ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ አላት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለማስጠንቀቂያ መውጣትም ትችላለች። እስክትለምድ ድረስ የቀሩት ነርሶች የሷን አልጋዎች ይደርባሉ። 12 ሕመምተኛ የነበራት 18 ይደርሷታል። ቻርቱ የባሰ ይዘገያል፤ ደብዳቤው ይበዛል፤ ቀጥላ የምትወጣውም ትታወቃለች።

ይህን አዙሪት ለመስበር የሚጠይቀው ወጪ ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የመጻፊያ ጊዜ በሥራው ሰዓት ውስጥ ይመደብ፤ ካልበቃም ትርፍ ሰዓቱ ይከፈል። ሁለተኛ፣ ከሕክምናው ጋር የማይገናኙ ቅጾች ከነርሷ እጅ ወጥተው ለካርድ ክፍል ወይም ለሒሳብ ሠራተኛ ይሰጡ። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተር የገባበት ክፍል የወረቀቱን ድርብ ሥራ የሚያቆምበት ቀን ይቁረጥ። አራተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት በዚያ ተራ ስንት ሕመምተኛ እንደነበረ ይጠየቅ። አምስተኛ፣ ሠላሳውን ቀን አክብራ ለምትሰናበት ነርስ ማስረጃዋና ቀሪ ሒሳቧ በመጨረሻው የሥራ ቀኗ ይሰጣት፤ ጥቂት የምስጋና ገንዘብ ቢታከልበትም ከድንገተኛ መጓደል ይረክሳል።

ነርሷም ነፃ አትወጣም። ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከተፈጸመባት ወይም ጤንነቷን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካለ ሕጉ ያለማስጠንቀቂያ እንድትለቅ ይፈቅድላታል፤ ይህንንም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ልትጠቀምበት ይገባል። ከዚህ ውጪ ግን በድንገት ስትጠፋ የምትቀጣው ሜትሮኗን ወይም ባለአክሲዮኑን አይደለም። በዚያች ሌሊት የእንጦጦ ብርድ ገብቶበት ደወል የሚደውለውን በሽተኛና ሁለት ክፍል ይዛ የምትሮጠውን ጓደኛዋን ነው። ሁለቱም ደብዳቤ አልጻፉባትም።

ባለሀብቱ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ብዙ ነገር ይለወጣል። መስመሩ "የጽሑፍ ሰዓት" ይባል። ዛሬም ቢሆን ወጪው አለ፤ የሚከፈለው ግን በነርሷ ኪስ ነው።