ላቲን በገዛ እርምጃ

«ግእዙን ሳትጨርስ ላቲን ምን ያደርግልሃል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ወደ ላቲን የመራኝ ግን ግእዝ ራሱ ነው። አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚሰጠው በላቲን ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ብዙ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1681 ለኅትመት ያበቃው የኢትዮጵያ ታሪክም የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለ እኛ የተጻፈውን ዘወትር በአስተርጓሚ በኩል መስማት ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አይበቃም።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑ የአኃዝ፣ ምሽቱ የእኔ ነው። ከጀማሪዎች መጽሐፍ ወጥቼ ወደ ቄሣር የጋሊያ ጦርነት ገብቻለሁ። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ መካከለኛው ደረጃ ይመስለኛል። የስም ርባታው ሠንጠረዥ በቃል ተይዟል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልፈታ ይላል። በዚህ ጊዜ ገጽ መቁጠር ከንቱ ነው፤ መስመር እንቁጠር። በሚገባ የተፈቱ ሦስት መስመሮች በግምት ከታለፉ ሠላሳ ይበልጣሉ።

ደግሞስ እኛ ስንቅ አለን። የቄሣር ግስ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ይመጣል፤ እስኪመጣ መታገሥን አማርኛ ገና በልጅነታችን አስተምሮናል። ተሳቢን በቃሉ መድረሻ መለየትም እንግዳ አይሆንብንም፤ አማርኛ «ን»ን ይጨምራል፤ ግእዝም «ንጉሥ»ን «ንጉሠ» ይላል።

ውድ አንባብያን፣ ዝግታ ስንፍና አይደለም። በቅኔ ቤት አንዲት ቅኔ ሲፈታ የዋለ ተማሪ ሰነፍ አይባልም። የላቲኑ ተማሪስ ስለ ምን ይባላል?