የወይኑ ሣጥንና የላቡ ባለቤት

ለገበታ የሚቀርበው ወይን ዛሬም ቢሆን የሰው እጅ የሚሻ ሰብል ነው። ዘለላው በመቀስ ይቆረጣል፤ የጨቀየውና የበሰበሰው ፍሬ አንድ በአንድ ተለቅሞ ይወገዳል፤ የቀረው ሳይጨፈለቅ በሣጥን ይደረደራል። አንዲት የፈረጠች ፍሬ ሣጥኑን ሙሉ ልታበላሽ ትችላለችና የሠራተኛው ጥንቃቄ የሸቀጡ ዋጋ ምንጭ ነው። ታዲያ ይህ ጥንቃቄ በማን ኪስ ይገባል? ይህን ጥያቄ ስናነሣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘውን የዲላኖን የእርሻ ከተማ ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ሆኖ እናገኘዋለን።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩ ፊሊፒናውያን የወይን ሠራተኞች በዚያ ሥራ አቆሙ። የጠየቁት በሰዓት 1 ዶላር ከ40 ሣንቲም፣ በየሣጥኑም 25 ሣንቲም ነበር። የእርሻ ከበርቴዎች የኖሩበት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ፊሊፒናዊው ሲያድም ሜክሲኳዊውን፣ ሜክሲኳዊው ሲያድም ፊሊፒናዊውን ማስገባት። ሴዛር ቻቬዝና ዶሎሬስ ሁዌርታ የሚመሩት ማኅበር ከ8 ቀን በኋላ አድማውን ሲቀላቀል ግን ይህ ዘዴ ከሸፈ። በእኛ አስተያየት የትግሉ ዋነኛ ድል ይኸው ነው፤ የተቀረው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይሁን እንጂ አድማው ብቻውን አልበቃም። በ1935 የወጣው የአገሪቱ የሠራተኞች ግንኙነት ሕግ ለሌላው ሠራተኛ የመደራጀት መብት ሲሰጥ የእርሻውን ሠራተኛ ከጥበቃው ውጭ አስቀርቶታል። ሕግ የነፈገው ሠራተኛም አቤቱታውን ወደ ሸማቹ ሕዝብ ወሰደ። የካሊፎርኒያን ወይን አትግዙ የሚለው ጥሪ ከከተማ ወደ ከተማ ተስፋፋ። የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር በበኩሉ በቬትናም ለሚዋጋው ጦር የሚገዛውን ወይን አበዛ! መንግሥቱ ለየትኛው ወገን እንደቆመ ለማወቅ ከዚህ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ከአምስት ዓመት ትግል በኋላ፣ ጁላይ 29 ቀን 1970፣ የዲላኖ ከበርቴዎች ውል ፈረሙ። ክፍያው በሰዓት 1 ዶላር ከ80 ሣንቲም፣ በየሣጥኑም 20 ሣንቲም ሆነ። በሣጥኑ ላይ ያረፈው የማኅበሩ ጥቁር ንስር ወይኑን የለቀመውና ያሸገው እጅ ባለመብት መሆኑን ለሸማቹ ይመሰክር ጀመር።

ውሉ በ1973 ሲያበቃ አብዛኞቹ ከበርቴዎች ከጭነት መኪና ነጂዎች ማኅበር ጋር ተዋውለው ለወይን ሠራተኞቹ ጀርባቸውን ሰጡ። ካሊፎርኒያ በ1975 ባወጣችው ሕግ የእርሻ ሠራተኛው በምስጢር ድምፅ ማኅበሩን እንዲመርጥ ፈቀደች። የ1935ቱ የአገሪቱ ሕግ ግን ለእርሻ ሠራተኛው በሩን እንደዘጋ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።