በአሮጌ ጋቢ ስለ ማፈር

በዘመናችን ወጣቶች ላይ ከማያቸው ኩራቶች ሁሉ እንደዚህኛው የሚያስገርመኝ የለም። ወጣቱ ወደ ሰልባጅ ተራ ሄዶ፥ አይቶት የማያውቀው የባሕር ማዶ ሰው ለብሶ የጣለውን ካፖርት በብዙ ብር ይገዛል፤ ያንንም ደርቦ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እናቱ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ አርጅቶ በመስኮት ወይም በኮርኒስ ላይ ሲውል ግን ያፍርበታል። «የድኻ ቤት ምልክት ነው» ይላል። ስለዚህ «ልዋጭ!» የሚለው ነጋዴ በደጅ ሲያልፍ ጋቢውን ሰጥቶ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይቀበላል፤ ማታ ደግሞ በቆርቆሮው ሥር ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

አገራችን የፀሐይ አገር ናት መባሉ ደጋውን አላሞቀውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ያህል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በዚያ ሣሩን ሲያነጣው ያየ ሰው ነገሬን ያውቀዋል። የአያቶቻችን የሣር ክዳን ወፍራም ስለ ነበረ ሙቀት ይይዝ ነበር። ቆርቆሮ ግን ዝናብን እንጂ ብርድን አይከለክልም፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ሣሩን በቆርቆሮ ለወጥን፤ የሣሩን ሥራ የሚሠራ ግን በቦታው አልተካንም።

ጋቢ ለምን ያሞቃል? ጥጥ እሳት አይደለም፤ ሙቀት ከራሱ አያወጣም። ነገር ግን ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቡና በክሩ መካከል አየር ይታሰራል፤ የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀትን በቶሎ አያሳልፍም። ሥራውን የሚሠራው ይህ የታሰረ አየር ነው። የመንዝ ባና ከበግ ጠጉር ስለሚሠራ ይበልጣል፤ የበግ ጠጉር ከክብደቱ ሢሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ማሞቁን አይተውም፥ እሳትም ከጥጥ ይልቅ ዘግይቶ ይይዘዋል። ጥጥ ግን ከራሰ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጨርቁ ቆርቆሮውን መንካት የለበትም፤ ቆርቆሮ ንጋት ላይ ከውስጥ ያልበዋልና፥ ጨርቁ ረጥቦ ይሻግታል። አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጎ መወጠር ነው። ለበር ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ የአሮጌ ሱሪ እግር በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቶ፥ ሁለቱን ጫፍ ሰፍቶ፥ በበሩ ሥር ማጋደም ይበቃል።

ሞንጎሎች ከበግ ጠጉር በተዳመጠ ወፍራም ልባስ ድንኳናቸውን ሸፍነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ክረምት ያሳልፋሉ። በአሜሪካም ያረጀ ጂንስ ሱሪ ተፈልቅቆ፥ እሳትና ነፍሳት እንዳይደፍሩት በቦሮን ጨው ታክሞ፥ በግድግዳ ውስጥ የሚገባ የብርድ መከላከያ ሆኖ በገበያ ይሸጣል። አሜሪካዊው አሮጌ ልብሱን ለቤቱ ግድግዳ ሲያውለው፥ የእኛ ወጣት ከዚያው አገር በቦንዳ የመጣ አሮጌ ልብስ ገዝቶ የራሱን ይጥላል። ከሁለቱ የሠለጠነው ማን ነው?

«አሮጌ ጨርቅ ቁንጫና ትኋን ያመጣል፤ አይጥም ይራባበታል» የሚሉኝ አሉ። ይህስ እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱ የስንፍና ነው እንጂ የጨርቁ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ በፈላ ውኃ ይታጠባል፥ ባናም ተራግፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ዝናቡ ሲወጣ ከኮርኒሱ ወርዶ እንዲሁ ይደረጋል። ይህ የሚታክተው ሰው ምክሬን ይተወው። ደግሞም ገና ሊለበስ የሚችል ልብስ ለግድግዳ አይገባም፤ እርቃኑን የሚያድር ጎረቤት እያለ ግንብ ማልበስ ኃጢአት ነው። እኔ የምናገረው ለሰው ገላ ስለማይሆነው ብጥስጣሽ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። በጨርቅ የሚያፍር ሰው በከሰል አያፍርም። ብርድ ሲበረታበት ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፥ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛውም ሳይነቃ ይቀራል። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በአንድ ሌሊት እንዲህ ሲያልቁ ለቀስተኛው «የቀን ጐዶሎ» ይላል። ምን የቀን ጐዶሎ ነው! ለልዋጭ የተሰጠው ብርድ ልብስ በመስኮቱ ላይ ቢንጠለጠል ኖሮ ማንደጃው ባልተፈለገ ነበር።

ልጆቼ፥ እዚህ ላይ አጥብቃችሁ ስሙኝ። ቀዳዳው በጨርቅ የተደፈነ ቤት ከሰል ቢገባበት ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል። ስለዚህ ጨርቅ የሚገባበት ቤት ከሰል ይውጣለት፤ ከላይ በኩልም ትንሽ መተንፈሻ ይተውለት። ጨርቁ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፥ ከአምፖልና ከሻማ ይራቅ። ናይሎንና ፖሊስተር ሲነድ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፥ ገላም ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ኮርኒስ አይውጣ።

«እንግዳ ቢያይብኝስ?» የሚል አሁንም አይጠፋም። ለእርሱ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከጨርቁ በታች ነጭ አቡጀዲ ይወጥርበት፥ ማንም አያውቅበትም። እኔ ግን ብሆን ጥለቱን ወደ ታች አዙሬ እንዲታይ እተወው ነበር።