ሚዛኑን ሻጩ ሲይዘው

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ኢንቴል ኮር አይ9-9900ኬ የተባለው ፕሮሰሰሩ መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ፣ ከኤኤምዲው ራይዘን 7 2700ኤክስ ጋር የተወዳደረበት የጌም ፍተሻ ውጤት ይፋ ሆነ። ብልጫው በአንዳንድ ጌም እስከ 50 በመቶ ይደርሳል ተባለ። ፍተሻውን የሠራው ፕሪንሲፕልድ ቴክኖሎጂስ የተባለ ድርጅት ነው። ከፋዩ ግን ራሱ ኢንቴል ነበር።

ባለሙያዎች ዝርዝሩን ሲያገላብጡ ጉዱ ወጣ። የራይዘኑ ኮምፒውተር «ጌም ሞድ» በርቶበት ነበር፤ ይህ ማስተካከያ ደግሞ የዚያን ፕሮሰሰር 8 ኮር ወደ 4 ያወርደዋል። አንዱ ሯጭ በሁለት እግሩ፣ ሌላው በአንድ እግሩ ተወዳደረ ማለት ነው። ጩኸቱ ሲበረታ ፍተሻው ተደገመ፤ ኢንቴል አሁንም ቀደመ፣ ልዩነቱ ግን ጠበበ። ስህተት ነው ይባል። ከፋዩን የሚጎዳ ስህተት ግን ስንት ጊዜ ታይቷል?

የኤኤምዲ ደጋፊዎችም ለማጨብጨብ አይቸኩሉ። ኩባንያው በ«ቡልዶዘር» ዘመኑ «8 ኮር» ብሎ በሸጣቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ሁለት ሁለቱ ኮሮች አንዳንድ ክፍሎችን ይጋሩ ነበር። ገዢዎች አሜሪካ ውስጥ ከሰሱት፤ በ2019 12.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ግራፉ ላይ የማይጻፈው ነው። ኮር አይ9-14900ኬ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 253 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። 120 ዋት የተመደበለት ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ግን በአብዛኛው ጌም ይስተካከለዋል ወይም ይበልጠዋል። በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ኮምፒውተር ሲያንገጫግጩ፣ ኩባንያው ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እንደነበር አምኖ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። የፍጥነት ሠንጠረዡ ይህን ቀድሞ ነግሮ ነበር? አልነገረም። ሠንጠረዥ የዛሬን ሩጫ እንጂ የነገን ጤና አይለካም።

ታዲያ ኢንቴልንና ኤኤምዲን እንደ ጊዮርጊስና ቡና ይዞ መሳደብ ለማን ይጠቅማል? ለገዢው አይደለም። ኢንቴል ተቀናቃኝ ባጣባቸው ዓመታት ለተራው የዴስክቶፕ ገዢ ከ4 ኮር በላይ አልሰጠም። በ2017 ኤኤምዲ 8 ኮር ያለውን ራይዘን 7 1800ኤክስ በ499 ዶላር ሲያወጣ፣ የኢንቴል 8 ኮር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኢንቴል 6 ኮር ይዞ መጣ። ገዢውን የጠቀመው የሁለቱ ፉክክር እንጂ የአንዳቸው ደግነት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማታለያው ከዚህም ይቀላል። «ኮር አይ7 ነው» የሚለው ቃል ብቻ ዋጋ ያስጨምራል፤ ትውልዱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የ2013ቱ ኮር አይ7-4770 እና የ2022ቱ ኮር አይ3-12100 ሁለቱም 4 ኮር አላቸው፤ በፍጥነት ግን «ትንሹ» አይ3 «ትልቁን» አይ7 በሰፊው ጥሎት ይሄዳል። በስም የገዛ ያረጀ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ይሸከማል።

ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው መጠየቅ ያለበት አራት ነገር ነው፦ ፍተሻውን ማን ከፈለበት? የተለካው ሥራ እኔ የምሠራው ነው? ስንት ዋት በላ? በስንት ብር? እነዚህን ያልመለሰ ግራፍ ማስታወቂያ ነው፤ በማስታወቂያ ደግሞ ሚዛን አይያዝም።