የሚያንጠባጥብ ሳልባትዮ የግል ጉዳይ አይደለም!



«ሞተሩ የኔ፣ ቤንዚኑ የኔ፣ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚል መልስ በየግቢው ይሰማል። ይህ አነጋገር ሊወገዝ ይገባዋል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ በበር ሥር ይገባና ጎረቤት የከሰል ምድጃ ዘንድ ይደርሳል። እሳቱ ደግሞ የማን ሞተር ነው ብሎ አይጠይቅም።

ቀዳዳውን በሳሙና ደፍኖ ወር ሙሉ መንዳትስ ጥገና ይባላል? ሳሙና ጋራዥ እስኪደረስ ነው እንጂ ለሌላ አይሆንም!

ችግሩን ማግኘት ከባድ አይደለም። ሞተሩን ደጅ አውጥቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ሳልባትዮውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚረጥብ መመልከት ነው። ሩቢኔቱ ሥር ከሆነ ላስቲኩ ይለወጥ። የቤንዚኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ጎማው ይለወጥ። ከካርቡራተሩ ከሆነ ሳልባትዮው አልተበሳም፤ ተንሳፋፊው ይፈተሽ። ሆዱ ሥር ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ከቤንዚኑ በታች ተኝቶ ቆርቆሮውን ከውስጥ በዝገት በልቶታል ማለት ነው፤ ይህ የበያጅ ሥራ ነው።

በያጅ ዘንድ ሲወሰድም «ባዶ ነው፣ ምንም አይል» ማለት የባሰ ስሕተት ነው። ባዶው ሳልባትዮ ተን ስለያዘ ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል። በደንብ ሳይታጠብ እሳት ለሚያስጠጋ በያጅ ፈጽሞ አይሰጥ!

ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ሞተር ያለው ሁሉ እስኪያስጠግን ድረስ ከምድጃና ከመኝታ ቤት ያርቀው። ጎረቤትም አይቶ ዝም አይበል። ይሉኝታ እሳት አያጠፋም!

ከሠፈሩ ማኅበር አባል